የላይኛው ቁልፍ

እነሆ ዝናቡ ባቆመ ሰሞን፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰውም መኪናም እየተጋፋ ወደየሥራው በሚሄድበት ሰዓት፣ ክሪክ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ።

ይህ እንደ አዋጅ መነገሩ የሚገርመው ሰው ካለ ክሪክን የማያውቅ ሰው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ክሪክ ከደረቱ በላይ ያሉ ቁልፎች ለጌጥ የተሰፉ ይመስሉት ነበር። አንገቱ የራሱ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩም ንብረት ነው። ከጆሮው ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻው ሲወርድ እንደ ዛፍ ግንድ እየሰፋ ይሄዳል። እንግዳ የመጣባቸው ጎረቤቶች ሰበብ ፈልገው በሥራ ቦታው በኩል ያልፉና “ያ ነው” ብለው በአገጫቸው ይጠቁማሉ።

የሚሠራው ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ ይፈታል፣ ይጠግናል፣ ይነፋል። ስሙንም ያገኘው እዚያው ነው። አንድ ቀን ጎማው የፈነዳበት ሚኒባስ ሲመጣ የቤቱን ክሪክ፣ መኪና ማንሻውን፣ ሰው ተውሶት ሄዶ ነበር። የኛው ሰው ጥቂት አሰበና መኪናውን በኋላ በኩል በእጁ ብድግ አድርጎ ያዘ፤ ባልደረባው ጎማውን ፈቶ ድንጋይ እስኪያስገባ ድረስም አላስቀመጠውም። ከዚያ ወዲህ ሲወለድ የወጣለትን ስም የሚያስታውሱት እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ፂሙን ሲላጭ ምላጩ አንድ ነገር ላይ ወጥቶ ወረደ። በግራ በኩል፣ ከመንጋጋው ዝቅ ብሎ፣ የኩሽኔታ ኳስ የምታክል ድቡልቡል ነገር ቆዳው ሥር ተቀምጣለች። በጣቱ ተጫናት። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። አላመመችውም። ስላላመመችው ደስ አለው፤ ደስ ካለው በኋላ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ። ደስ ያለው ሰው አንገቱን ለምን እንደሚሸፍን ራሱን አልጠየቀም። ክሪክ ራሱን የመጠየቅ ልማድ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር አድርጋ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ ትሰፋለች። ያን ዕለት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነበርና ሲወጣ በዓይኗ ብቻ አስቆመችው። ከዚያ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አወጣች።

“ምን ሆነሃል?”

“ምን ሆንኩ?”

“ታንቀሃላ።”

“ብርድ ነው።”

ሴትዮዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መንገዱ ላይ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፤ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ሳይቀር አለ። “እሺ፣ ብርድ ነው” አለችና መርፌዎቹን ወደ ከንፈሯ መለሰች።

ጎሚስታ ቤትም ዝም ያለው የለም። ከሾፌሮቹ አንዱ “ክሪኬ፣ ልትመሰክር ነው?” ይለዋል፤ ሌላው “ተወው፣ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል” ይላል። ለሁሉም “ብርድ ነው” እያለ በላብ ተጠምቆ ዋለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። ነገሩ የወጣው ጂም ውስጥ ነው።

ጂሙ ከጎሚስታው ጀርባ ያለ የድሮ የዱቄት መጋዘን ነው። ዱቄቱ ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ከጣሪያው ማገር ላይ ሙሉ ለሙሉ አልወረደም። ከባድ ብረት ወለሉን ሲመታ ከላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ጠንክሮ የሠራና የሰነፈ የሚታወቀው በንጣቱ ነው። ክሪክ ሁልጊዜ ከሥራ በፊት ገብቶ እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነጥቶ ይወጣል።

አሰልጣኙን ሁሉም “ጋሼ” ይለዋል። በወጣትነቱ ዋንጫ ያነሣ ሰው ነው፤ ዋንጫው መስኮቱ ላይ አለ፣ ጠመኔ ይቀመጥበታል። ጋሼ ሁለት ነገር ከአጠገቡ አይለይም። አንደኛው አንገቱ ላይ የተጠመጠመ ፎጣ ነው፤ ሲታጠብም አይፈታውም ይባላል፣ ሲታጠብ ያየው ሰው ግን የለም። ሁለተኛው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ናት። ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮዋ ነጭ ኪኒን አውጥቶ በውሃ ይውጣል። “ምንድን ናት ጋሼ?” ሲሉት “ጉልበት” ይላል። “ለኛስ?” ሲሉት “ጉልበት አይዋስም” ይላል። ጸጉር አስተካካዩ ሚስማር (ቁመቱና ቅጥነቱ ነው ይህን ስም ያተረፈለት) አንድ ቀን ከቆርቆሮዋ ሰርቆ አንዲቷን ዋጠ። በዚያን ዕለት ከወትሮው አስበልጦ አነሣ፤ ምሥጢሩንም ከክሪክ በቀር ለማንም አልተናገረም።

እናም አንድ ጠዋት ክሪክ፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው እንደቆለፈ፣ ብረቱን ከወለሉ ወደ ደረቱ ሲመነጭቀው የላይኛው ቁልፍ ተፈናጥራ ሄዳ መስታወቱን ቀጭ አደረገች። አንገትጌው ተከፈተ። ብረቱን በአንገቱ ሥር አሳርፎ፣ ሁለት እጁ ተይዞ፣ ሊሸፍነው በማይችልበት ሁኔታ ቆሞ ቀረ። ሚስማር የጀመረውን ቀልድ አልጨረሰም።

ጋሼ ቀረብ ብሎ አየው። አንድን እብጠት ለማየት ከሚያስፈልገው በላይ ቆይቶ አየው። ከዚያ የራሱን ፎጣ ጠበቅ አደረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

“ማዕረግ ነው።”

“ምን?” አለ ክሪክ፣ ብረቱን እየጣለ። ዱቄት ረገፈ።

“ማዕረግ! ጸሐፊ ጣቱ ላይ ያወጣል። ተሸካሚ ትከሻው ላይ ያወጣል። ብረት የኖረበት አንገትም ያወጣል። ሁሉም ሰው አያገኘውም።”

“ጋሼ፣ ብረቱ የሚያርፈው እኮ ከፊት ነው” አለ ሚስማር። “ይሄ በጎን ነው።”

“አንተ ማዕረግ ስታወጣ ታርመኛለህ።”

ሚስማር ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱን አንገቱ ላይ ሲያሳርፍ ሆን ብሎ ማንኳኳት ጀመረ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሰማያዊ በለዝ ይዞ መጥቶ “ምክትል አሥር አለቃ ነኝ” አለ። ሌሎቹም እየመጡ የክሪክን አንገት በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው “ይኸው፣ ልፋት ፍሬ አለው” እያሉ ሄዱ። ክሪክ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ለመደው፣ በመጨረሻ ደስ ማለት ጀመረው። እብጠት ያለበት ሰው ከመባል ማዕረግ ያለው ሰው መባል የማይሻለው ማን ነው?

ሰው ሲበተን ጋሼ ወደ ጥግ ወሰደው።

“ሐኪም ቤት እንዳትሄድ። የክብደት ማንሣት ውድድሩ ደርሷል።”

“እኔ የት እሄዳለሁ?”

“ሐኪም ቤት ደህና ሆኖ ገብቶ ደህና ሆኖ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። እነሱ ለሁሉም ነገር ስም አላቸው። አንዴ ስም ካወጡልህ አለቀ፣ በዚያ ነው የምትጠራው። በከባዱ ክብደት ካንተ በቀር ማንን አሰልፋለሁ? ሚስማርን? ሚስማርን ከነብረቱ የሚያነሣ ሰው ካልፈለግሁ በቀር?”

ቤት ሲገባ ክሪክ ሸሚዙንና የወለቀችውን ቁልፍ ለሚስቱ ሰጣት። “ተበጠሰች” አላት። ሴትዮዋ ቁልፏን አገላብጣ አየች፣ ባሏን ሳታይ “ክሩ አርጅቶ ነው” አለች። እሱም “ክሩ ነው” አለ። በክሩ ጉዳይ በመስማማታቸው ሁለቱም የተረጋጉ መሰሉ።

በማግስቱ ሸሚዙን ሲለብስ ቁልፏ ያለ ምንም ትግል ገባች። እንዲያውም በአንገቱና በአንገትጌው መካከል ጣት ታስገባለች። ክሪክ ጣቱን አስገብቶ ወዲያና ወዲህ አላት። “ቀነሰ” አለ ለብቻው።

ከዚያ ወዲህ መስታወት ማየት ተወ። ፂሙንም ዝም ብሎ አሳደገው። መስታወት ምን ያደርጋል፣ ሸሚዝ እያለ? መስታወት እንደ ብርሃኑ ሐሳቡን ይለውጣል፤ አንገትጌ ግን ወይ ይቆለፋል፣ ወይ አይቆለፍም። አልፎ አልፎ ጠበቅ ሲልበት ልቡ ድንግጥ ይላል፤ ሸሚዙ ታጥቦና ተተኩሶ ሲመለስለት ደግሞ እንደገና ሰፍቶ ያገኘዋል። ጂም ውስጥ “እየቀነሰ ነው” ብሎ አወጀ። ጋሼ “አላልኩም?” አለ፤ ግን እንዳለው የሆነለት ሰው ፊት አልነበረውም። ሚስማር ጸጉሩን ሲያስተካክለው እብጠቷ ጋ ሲደርስ፣ በመላጫው እንደ አደባባይ ዞሯት አለፈ። አደባባዩ ከባለፈው እንደሰፋ እጁ ያውቃል። አፉ ግን ስለ ኳስ ጨዋታ ነበር የሚያወራው።

በዚህ ዓይነት ሁሉም ሰላም ሆኖ ከረመ። ሰላሙን ያፈረሰው አንድ የተበሳ የውስጥ ጎማ ነው።

የጎማ ቀዳዳ እንዴት እንደሚገኝ የማያውቅ ካለ፤ ጎማው ይነፋል፣ ውሃ የሞላበት ገንዳ ውስጥ ይደፈቃል፣ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ይያዛል። ያን ቀን ግን ጎማው ከክሪክ እጅ ሾልኮ ተነሣና ገንዳው ውስጥ ካለው ውሃ ግማሹን ደረቱ ላይ ደፋበት። ሸሚዙን አውልቆ ጨመቀው፤ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣውም ዘረጋው። ብርሃኑ ከኋላ መጣ። ክሪክም ለዓመታት ቀዳዳ ሲፈልግ የኖረ ዓይን አለውና፣ ሳያስበው፣ አንገትጌው ላይ ቀዳዳ አየ።

ከላይኛዋ ቁልፍ አጠገብ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አራት ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ። ከእነሱ አለፍ ብሎ ሌላ አራት። ከእነዚያም አለፍ ብሎ ሌላ አራት፤ እነዚህኞቹ አርጅተው ሊደፈኑ ተቃርበዋል። ቁልፏ ከተወለደችበት ቦታ ተነሥታ ቤት ስትቀያይር ኖራ፣ አሁን የጨርቁ ጠርዝ ላይ ደርሳለች። ከዚህ በኋላ የምትሄድበት ቦታ የላትም።

ክሪክ ሸሚዙን እንደያዘ ቆመ። ቆይቶ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። የኩሽኔታ ኳስ ያላት ነገር የለችም፤ የዶሮ ዕንቁላል ልታክል ምንም ያልቀራት ሌላ ነገር በቦታዋ አለች። ከበታቿ ደግሞ አንዲት ታናሽ እህት አብቅላለች።

“ምነው፣ ቀዳዳው ተገኘ?” አለ ባልደረባው ከመኪናው ሥር።

“ተገኘ” አለ ክሪክ።

ማታ ሸሚዙን ሚስቱ ፊት፣ መስፊያ መኪናዋ ላይ አኖረው። ሴትዮዋ እግሯን ከመርገጫው አነሣች።

“ሦስት ጊዜ” አላት።

“አራተኛው አይቻልም። ጨርቅ አልቋል።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተስ ለምን አልነገርከኝም? ብርድ ነው አልከኝ። እሺ ብርድ ነው አልኩ። ታንቀህ ስትውል ዝም ብዬ ልይህ?”

“እኔ እኮ የቀነሰ መስሎኝ ነው!”

ሴትዮዋ ይህን አልጠበቀችም ነበር። እሷ ለአንገቱ ምቾት ብላ ቁልፍ ስታርቅ፣ እሱ በቁልፏ አንገቱን ሲለካ መክረሙ አሁን ገና ገባት። “እኔ ነኛ…” ብላ ጀመረችና ተወችው።

“ማዕረግ ነው ብሎኛል ጋሼ” አለ ክሪክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ማዕረግ የሚለጠፈው ትከሻ ላይ ነው። ያንተ መንገድ ስቶ ነው አንገትህ ላይ ያረፈው?”

“ብረቱ ነው ይላል።”

“ስማኝ አንተ ሰውዬ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? እኔ ደግሞ በመርፌና በክር ሳግዝህ ከረምኩ። ነገ አብረን እንሄዳለን። ሸሚዝ አትልበስ፣ ቲሸርት ልበስ።”

ክሪክ በማግስቱ ቲሸርት ለበሰ። በመንገዱ ሁሉ አንገቱን ሰው ሲያየው የበረደው መሰለው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው። ከጆሮው ሥር ጀምራ እስከ ትከሻው አጥንት ድረስ ዳሰሰችው፣ ብብቱንም አየች።

“ያምሃል?”

“ኧረ ምንም!” አለ ክሪክ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ዶክተሯ ደስ አላላትም። ክሪክ ነገሩ ያልገባት መስሎት ደገመላት። “ምንም! ብትጫኚውም፣ ብትመቺውም።”

“ገብቶኛል” አለች። “ብረት ያሳበጠው ቢሆን ያምህ ነበር።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“አላውቅም።”

ክሪክ ክው አለ። “አላውቅም” የሚል ሰው ካየ ቆይቶ ነበር፤ ጂም ውስጥ ሁሉም ያውቃል።

“ዕጢ ነው፣ ያበጠ ዕጢ” አለች ዶክተሯ፣ ወንበሯን እያስጠጋች። “ያሳበጠው በኪኒን የሚድን ሊሆን ይችላል። ቶሎ ካልተያዘ የሚያስቸግር ነገርም ሊሆን ይችላል። ሳላይ ስም አልሰጠውም። በቀጭን መርፌ ትንሽ ናሙና እንወስዳለን፤ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ይነግረናል። ቅዳሜ ጠዋት ና። መቅረት የለም፤ ይሄ ከርሟል።”

ሚስቱ “ይመጣል” አለች። ክሪክ በጣቱ ቀን ቆጠረ። ቅዳሜ ጠዋት የውድድሩ ተሰላፊዎች የሚመዘኑበት ጠዋት ነው። ሳይመዘን የቀረ እሑድ አያነሣም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሃል ይሄ ነው፤ ለክሪክ ግን ተረቱ ትንሽ ቀረብ አለበት።

ለማንም ላለመናገር ወሰነና ለሚስማር ነገረው። ለጸጉር አስተካካይ የተነገረ ነገር ጸጉሩ ተጠርጎ ሳይወጣ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ቅዳሜ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ አረንጓዴ ቀለም በተቀባው ግድግዳ ሥር፣ ባልና ሚስት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ሥራዋን በከረጢት ይዛ መጥታለች፤ የሰው ሱሪ እግር እየቀመቀመች ነው። ክሪክ በሩን ያያል። በሩ ነጭ ነው። ከጀርባው መርፌ አለ።

መጀመሪያ የመጣው ሚስማር ነው። እነሱን ሲያይ የደነገጠ መሰለ።

“እናንተም እዚህ ናችሁ? እኔ ደንበኛ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።”

“የቱን ደንበኛ?” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከሱሪው ሳታነሣ።

ሚስማር አሰበ። “ገና አልተኛም” አለና አጠገባቸው ተቀመጠ።

ቀጥሎ ጋሼ መጣ። ፎጣው አንገቱ ላይ፣ የጂሙ ቱታ ከላዩ ላይ፣ እንደ ቸኮለ ሰው እየተራመደ መጣና ክሪክ ፊት ቆመ።

“ተነሥ።”

“ጋሼ፣ ትንሽ መርፌ ነው። ወዲያው ነው የሚያልቀው አሉ።”

“ትንሽ ነው ብለው ነው የሚጀምሩት። ሚዛኑ ይዘጋል! ዛሬ ተመዘን፣ ነገ አንሣ፤ ሰኞ ከፈለግህ አንገትህን ከነራስህ አምጥተህ ስጣቸው።”

“ጋሼ” አለች ሚስቱ፣ “አንገቱ የኔም ነው።”

“የኔ እመቤት፣ አንድ ቀን ነው ያልኩት። አንድ ቀን! ማዕረግ በአንድ ቀን የትም አይሄድም።”

“እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ የትም አለመሄዱ።”

ክሪክ ተነሣ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ጋሼ ባይመጣም ሊነሣ ነበር። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጀምሮ እግሩ ሰበብ ሲፈልግ ነበር፤ አሁን ሰበቡ ቱታ ለብሶ ከነፎጣው ፊቱ ቆሟል። ሚኒባስ ያነሣ ሰው ከአንዲት ቀጭን መርፌ እንዲሸሽ ሲለመን ውስጥ ውስጡን አመሰገነ። መርፌዋን አልነበረም የፈራው። መርፌዋ ይዛ የምትወጣውን ወሬ ነው። ወሬው ሳይወጣ፣ እሑድ ድረስ፣ ማዕረጉ ማዕረግ ሆኖ ይቆያል።

“ሰኞ እንመጣለን” አላት ሚስቱን።

ሴትዮዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። “ሂድ” አለችው። አልተቆጣችም። “ሂድ፣ አልይዝህም፤ አንተን የሚይዝ ጉልበት ያለው ሰው የለም። ቁልፏን ግን ከእንግዲህ አላንቀሳቅሳትም። ካለችበት ትቆያለች።”

ክሪክ በበሩና በጋሼ መካከል ቆሞ ቀረ። ሚስማር ጫማውን ያያል።

ያን ጊዜ ነጩ በር ተከፈተ። መነጽር ያጠለቀች፣ እርጅና የጀመራት ነርስ ብቅ አለች። ተረኛውን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን ከሁሉም በፊት ጋሼ ላይ አረፈና ፊቷ በራ።

“ውይ ጋሼ! ምነው በሰላም? ኪኒኑ አለቀብዎ እንዴ? ቀጠሮዎ እኮ ገና ነው።”

ጋሼ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሌላ ጋሼ ይኖር እንደሆነ አየ። ከግድግዳው በቀር ማንም የለም።

“አላለቀም” አለ፣ ቀስ ብሎ።

“በየቀኑ ይውጣሉ አይደል? እንዳይዘነጉ፤ ዕጢውን ካወጣን ወዲህ ያለሷ አይሆንም ብለንዎታል። ስንት ዓመት ሆነዎት? እኔ እዚህ ሳልቀጠር ነው ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት መሰለኝ።” ከዚያ ወደ ሌሎቹ ፈገግ አለች። “ቤተሰብ ናችሁ? ከሳቸው በላይ ቀጠሮ የሚያከብር ታካሚ የለንም። አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።”

ጋሼ የፎጣውን ጫፍ በእጁ ያዘ። ሊያጠብቀው ነው ብለው ሲጠብቁ ፈታው። ዞሮ ዞሮ እስኪያልቅ ፈታው። ከበታቹ፣ ከአንገቱ ግርጌ፣ እንደ ቀጭን ሐብል ከወዲያ ወዲህ የተዘረጋ ነጭ መስመር አለ። በዙሪያው ያለው ቆዳ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ የሌላ ሰው ቆዳ ይመስላል።

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

“ጥሩ ስፌት ነው” አለች።

ጋሼ ፎጣውን አጥፎ ለክሪክ አቀበለው። “ያዝ” አለው። “ውስጥ ያልብሃል። እኔ አልቦኝ ነበር።” ሌላ ነገር ሊጨምር አስቦ እንደነበር ያስታውቅ ነበር፤ ስለ ሚዛኑ ግን ምንም አልተነፈሰም። አግዳሚው ላይ፣ ክሪክ በተነሣበት ቦታ፣ ተቀመጠ።

ክሪክ ፎጣውን ይዞ በነጩ በር ገባ። ነርሷ ተከትላው ልትዘጋ ስትል ሚስማር ብድግ ብሎ በሩን በጣቱ ያዘ። ፊቱ እንደ ጂሙ ዱቄት ነጥቷል።

“እህቴ” ሲል ሰማው ክሪክ ከውስጥ፣ “ያቺን ኪኒን ጤነኛ ሰው… እንዲያው በስህተት… አንዲት ብቻ ቢውጥ፣ ምን ይሆናል?”